የአንድ ሰዓት ብርድ

የአዲስ አበባ ሰው ከሌባ ይልቅ ብርድን ይፈራል። የሚጠራጠር ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ይሳፈርና መስኮት ይክፈት። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ቆርቆሮው ግሏል፣ የሁሉም ግንባር አልቦታል። መስኮቷ ገና አንድ ጣት ያህል እንደተገፋች ግን ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሰብስበው «የኔ ልጅ፣ እስቲ እሷን ነገር ዝጋልኝ» ይላሉ። ከጎናቸው ያለው ጎልማሳ «ወንድም፣ ንፋስ እኮ ነው የምታስገባው» ይላል፤ ከፋቹ ሌላ ነገር ሊያስገባ ፈልጎ የነበረ ይመስል። ግማሽ አካሉ በር ላይ የተንጠለጠለው ወያላ ሳይቀር «ዝጋው በቃ፣ ሰው ይታመማል» ብሎ ይፈርዳል። መስኮቱ ይዘጋል። ተሳፋሪው ሁሉ አንዱን ትንፋሽ እየተዋዋሰ ሜክሲኮ ይደርሳል። ከመካከላቸው አንዱ ጉንፋን ይዞት ከነበረ እኩል ተካፍለውት ይወርዳሉ፤ ማታ ማስነጠስ ሲጀምሩም «ያቺ መስኮት!» ይላሉ።

ብርድ እኛ ዘንድ በሽታ ነው፤ ያውም የማይገባበት የለም። ወገብ ይገባል፣ ኩላሊት ይመታል፣ ሆድ ይነፋል፣ ጥርስ ይነዘንዛል። ሐኪም ደም፣ ሽንት፣ ራጅ አዝዞ ያላገኘውን ጎረቤት ገና በር ላይ ቆማ «ብርድ ነው» ብላ ታገኘዋለች። ዳማከሴው ይታሻል፣ ዝንጅብሉ ይወቀጣል፣ በሽተኛው በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ተደርቦበት እስኪያልበው ይጠበቃል። ካላበው ዳነ።

እንግዲህ ይኸው ብርድን እንዲህ የሚፈራ ሕዝብ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ልጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው እንመልከት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀሰቅሳቸዋል። ፊታቸውን ከቧንቧ በወረደ፣ ጥርስ በሚያፋጭ ውኃ ያጥባቸዋል። ሙቅ ሻይ በችኮላ ያስጎነጫቸዋል፤ ምላሳቸው ይቃጠላል፣ ሌላው አካላቸው እንደቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ምሳ ዕቃና ቦርሳ አሸክሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰርቪስ እንዲጠብቁ መንገድ ዳር ያቆማቸዋል። በጀሞ፣ በለቡ፣ በሃና ማርያም፣ በመካኒሳ ሁሉ በዚያ ሰዓት ብትወጡ በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ልጆች ታገኛላችሁ። ትንንሾቹ የአፋቸውን ጭስ እያወጡ ሲጋራ የማጨስ ጨዋታ ይጫወታሉ። ትልልቆቹ ክብራቸውን ለመጠበቅ ኮፍያቸውን ኪሳቸው ከትተው ዝም ብለው ይንቀጠቀጣሉ። ሰርቪሱ መጥቶ ሲገቡ መስኮቱ ዝግ ነው። ለምን? ብርድ እንዳይመታቸው።

ሰዓቱን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። በግንቦትና በሰኔ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣው 12፡05 አካባቢ ነው። በታኅሣሥ ወደ 12፡30 ትገፋለች፤ በጥር ማገባደጃማ 12፡45 ይሆናል። ፀሐይ ራሷ ብርዱን አይታ የመግቢያ ሰዓቷን አርባ ደቂቃ ያህል ታዘገያለች ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ግን ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አይልም።

ብርዱም ቢሆን ዝም ብሎ አይመጣም፤ ሥርዓት አለው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ይደርቃል። መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች፣ መልሶ የሚያለብሳት ደመና የለም። ስለዚህ ቅዝቃዜው ከምሽት ጀምሮ ሲጠራቀም አድሮ ጫፍ የሚደርሰው ብዙ ሰው እንደሚያስበው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ይኼኔ ልጆቻችን መንገድ ዳር ናቸው። አንድ ሰው ከሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ ልጅን ለማብረድ የሚመቸውን አንዷን ሰዓት መርጠህ አምጣ ተብሎ ቢላክ ከዚህች የተሻለ አያገኝም።

እኛ በምንኖርበት ንፋስ ስልክ ላፍቶ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል ይወርዳል። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ አቃቂ ሜዳ ታዘቀዝቃለች፤ እኛ ደግሞ ወደ ታችኛው ወገን፣ በትንሹ አቃቂና በጀሞ ወንዝ ግራና ቀኝ ሰፍረናል። የላይኛው ሰፈር ሰው ቆሻሻውን በወንዝ፣ ብርዱን በአየር ይልክልናል። ለወንዙስ አንድ ቀን መፍትሔ ይገኝለታል ይባላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የትምህርት ካላንደራችን ነው። የታኅሣሥ ሌሊት በአማካይ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ሌሊት ከዚያም ያልፋል። በሐምሌ ግን ደመናው ስለሚሸፍነን ሌሊቱ 10 እና 11 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው መቼ ነው? በሐምሌ። ዝናብ ሁለት ወር ሙሉ ዕረፍት አሰጥቷል፤ ብርድ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላገኘም። ዝናብ ድምፅ አለው፣ ጣራ ይደበድባል፣ ጎርፍ ያመጣል። ብርድ አመልካች ስለሌለው ጉዳዩ አልታየለትም።

አባቶቻችን ግን ያውቁት ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ ብርዱ ገብቷልና ለሰውነት ስንቅ ያዙ ማለታቸው ነው። ዛሬ ያቺ አንድ አጥንት ስንት እንደገባች ቄራ ጎራ ያለ ይንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ ጭራሹን ብርድ የለብንም አለ። ነፍሳቸውን ይማርና ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን የ13 ወር ፀሐይ ያላት ምድር ብለው ለዓለም አስተዋወቋት። ለቱሪዝም ግሩም ሐሳብ ነበር፤ ቱሪስትም ከሆቴሉ የሚወጣው ከቁርስ በኋላ ስለሆነ ሐሰት ነው ያለ የለም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለቡ አደባባይ የቆመ ቱሪስት ቢኖር ክርክሩ ያኔ ይጀመር ነበር። ኋላ መፈክሩ ተለውጦ «ምድረ ቀደምት» ሆነ። ይኼኛው እንኳ ስለ አየር ምንም ቃል አልገባም።

እህቴ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ማለዳ 12 ሰዓት ስለሆነ የምትደውለው ልክ ልጄን ካልሲ በካልሲ ላይ ሳለብስ ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ልጆቹ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ነው የሚገቡት፤ አሁን መልእክት ላኩልን» አለችኝ።

«ምን ተፈጥሮ?»

«ብርድ ነዋ! ከዜሮ በታች 26 ነው። የእናንተስ?»

«እኛም በርዶናል። 7 ነው።»

«ከዜሮ በታች?»

«ከዜሮ በላይ።»

ስልኩ ውስጥ የሰማሁትን ሳቅ ለመግለጽ አልሞክርም። የውጭ ጥሪ በደቂቃ የሚከፈልበት ቢሆን ኖሮ ያ ሳቅ ብቻውን ቤት ያስሸጥ ነበር።

አልፈርድባትም። ሚኒሶታ ማለት ገዥው በታኅሣሥ 28 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ የእኛ የገና ዋዜማ ዕለት፣ ብርዱ ስለከፋ በመላው ግዛት ያሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ያዘዙበት አገር ነው። ከእነሱም የባሰ አለ። በሩሲያ ሳይቤሪያ ኦይምያኮን በምትባል መንደር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪን ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በመለስ ያለው «ዛሬ ለስለስ ብሏል» ነው። ይህን የሰማ ሰው 7 ዲግሪ ብሎ አቤቱታ ለማቅረብ ያፍራል።

እኔ ግን አላፍርም፤ ምክንያት አለኝ። የእህቴ ልጆች ብርድ የሚያገኛቸው ከቤታቸው በር እስከ አውቶቡሱ በር ነው። ቤታቸው ይሞቃል፣ አውቶቡሱ ይሞቃል፣ ክፍሉ ይሞቃል፤ እዚያ ብርድ መንገድ ላይ ሰላም ብለውት የሚያልፉት ሰው ነው። የእኛው አብሮን ይገባል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የኮንዶሚኒየም ወለል ሲሚንቶ ነው፤ የመማሪያ ክፍሉ ወለልም ሲሚንቶ ነው፤ የመስኮቱ መስታወት አምና በኳስ እንደተሰበረ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ልጁ እስክሪብቶ የሚይዘው በእጁ ሳይሆን በእጅጌው ነው። እረፍት ሲደወል ማንም ኳስ አያነሣም፤ ሁሉም ወጥቶ ፀሐይ የመታችው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ርዕሰ መምህሩም እዚያው ናቸው።

ሌላው ደግሞ ስሌት ነው። ሚኒሶታ ሁለት ሰዓት ብታዘገይ ከዜሮ በታች 26 የነበረው ከዜሮ በታች 23 ይሆናል። ልፋት ነው። እኛ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ብናዘገይ ብርዱ ራሱ አይኖርም! 2 ሰዓት ላይ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ የነበረው አየር 3 ሰዓት ላይ ሹራብ ያስወልቃል፤ 8 ሰዓት ላይ 23 ዲግሪ ገብቶ ያ ሁሉ ልብስ በልጁ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይመለሳል፤ ግማሹም ጠፍቶ። ማለዳ ማዘግየት የሚያዋጣው አገር በዓለም ላይ ቢፈለግ ከእኛ የሚቀድም ያለ አይመስለኝም። ይህን ዕድል የያዝነው ሰዎች ነን የማንጠቀምበት።

ለሙቀት ሲሆን እኮ እናውቅበታለን። ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ተዘግቶ ሰው ያሸልባል፤ ይህን ስንፍና ነው የሚል የለም፣ ብልኃት ነው። በአፋርም ሥራን በማለዳ ጀምሮ ከፀሐይ መሸሽ የኖረ ነው። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ሲፈራ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። ሙቀት የሚከበር ባለሥልጣን ነው፤ ብርድ ግን ደጋ ላይ የኖረ ዘመድ ስለሆነ ማንም አይነሣለትም።

ስለ ጃኬት ጉዳይም ሳልናገር አላልፍም። አንድ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት «ከዩኒፎርም ውጭ የሆነ ጃኬት ለብሶ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ ለጥፏል። የዩኒፎርሙ ሹራብ ስስ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሰው ይታያል ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ወረቀቱን የሚያስከብሩት ዘበኛ ሁለት ካፖርት ደርበው፣ በላዩ ጋቢ ጠቅልለው፣ ከግራር ፍልጥ እሳት አጠገብ ተቀምጠው ነው። «ጃኬትሽን አውልቂና ግቢ!» ይሏታል አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ፤ ለመናገር እንኳ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ ማድረግ አለባቸው።

ይህን ሁሉ ስናገር ከእኔ ከማይስማሙት ወገን አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ማለፍ አይቻልም። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ በሠፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት በምገባው ከሚያበስሉት እናቶች አንዷ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ቁርስና ምሳ ይበላሉ። እሷ ከቤት የምትወጣው እኔ ስለ ብርድ ለመማረር ከምነቃበት ሰዓት በፊት ነው። ደረጃ ላይ አግኝቻት ሐሳቤን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ፀሐይዋን፣ ዲግሪውን፣ ሚኒሶታን። ሻንጣዋን ይዛ በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ትምህርቱን እንደ ፈለጋችሁ አዘግዩት» አለች። «ቁርሱን ግን እንዳትነኩት። ማታ ሳይበላ ያደረ ልጅ አለ። እሱን አንድ ሰዓት ቆይተህ ና ትሉታላችሁ?»

መልስ አልነበረኝም፤ ሐሳቤንም እዚያው ደረጃ ላይ አሻሻልኩት። በሩ በጊዜው ይከፈት፤ ወጥ ቤቱ ይጭስ፤ የመጣ ልጅ ይግባና ትኩስ ነገር ይቅመስ። የሚዘገየው ሰልፉና ሰሌዳው ይሁን። በተለይ ሰልፉ። በጥላ በኩል ባለ ሜዳ ላይ እጅ ወደ ፊት ዘርግተው ሲቆሙ የቀዘቀዘ ጣት ምን እንደሚሰማው ያዘዘው ሰው ይሞክረው።

አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ደግሞ ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። በወጣትነታቸው ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«እናንተ ይሄንን ብርድ ትሉታላችሁ?» አሉኝ። «የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ደብረ ብርሃን ላይ የተከሉት ያለ ነገር መሰለህ?»

(ፋብሪካው እዚያ የተተከለው የበግ ጠጉሩ ከዚያው አካባቢ ስለሚገኝ ነው። ግን ጡረተኛ መምህር አያቋርጡም።)

«ታዲያ እርስዎ ልጆቹን በዚያ ብርድ እንዴት ያስተምሯቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ማን ክፍል ውስጥ ያስተምራል! የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይዣቸው እወጣና በምሥራቅ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር አቆማቸዋለሁ። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ፤ ምሥራቅ ያ ነው። ጥላችሁን እዩ፤ ምዕራብ ይሄ ነው። በታኅሣሥ ጥላው ወደየት አዘነበለ? በሰኔስ? ዓመቱን ሙሉ አቅጣጫ ሳስተምር ኖርኩ። ኢንስፔክተር መጥቶ ለምን ክፍል ውስጥ አልሆኑም ሲለኝ ካርታው ውጭ ነው አልኩት።»

እኚህ ሰው ያለ ማንም ፈቃድ፣ ያለ አንድ መመሪያ፣ ብርዱን አዘግይተውት ነበር። ዛሬ መምህሩ በዕለቱ ዕቅድ ላይ ያላሠፈረው ነገር ስለማይፈቀድለት ልጆቹ ስለ ፀሐይ ኃይል ጥቅም ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ይማራሉ።

በመጨረሻ ነገሩን ወደ ወመተህ ወሰድነው፤ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ወደሚሉት። የጥሪው ደብዳቤ በልጆቹ ደብተር ተለጥፎ መጣ፤ «በማለዳ የመግቢያ ሰዓት ዙሪያ ለመወያየት ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት በትክክል እንድትገኙ»። ቅዳሜ በ2 ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሰብሳቢው፣ ጸሐፊዋና እኔ ነበርን፤ እኔም የተገኘሁት ይህን ወግ ለመጻፍ አስቤ ስለነበር ነው። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት እናቶች መጡ። ሰብሳቢው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው «ብርዱ ይዟቸው ይሆናል፣ ትንሽ እንታገሣቸው» አሉ። ወላጅ በብዛት የገባው ፀሐይዋ ግቢውን ከሞላች በኋላ ስለሆነ ስብሰባው 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

መጀመሪያ የተናገሩት አንድ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ የሱፍ ኮፍያ፣ ከላይ የቆዳ ጃኬት፣ ጉልበታቸው ላይ ጋቢ። «ልጅ መጠንከር አለበት» አሉ፤ «እኛ በባዶ እግራችን በረዶ ረግጠን ነው የተማርነው።» ተጨበጨበላቸው። ቀጥላ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተነሣች። «እኔ 2 ሰዓት ላይ መስኮቴ ላይ መገኘት አለብኝ። ልጄ 3 ሰዓት ከገባ ያን አንድ ሰዓት ማን ይይዝልኛል? ባንኩ ለእኔ ያዘግይልኛል?» አለች። ጭብጨባ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ነው የነቀነቀው። የመንግሥት ሠራተኛውም 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፊርማ አለበት። ቤት ሞግዚት ያለው ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ከተባለው ሁሉ እንደዚህች ሴት ነጥብ የከበደ የለም፤ ልጆቻችንን በጎህ የሚያስነሣቸው ትምህርት ሚኒስቴር ሳይሆን የእኛው መሥሪያ ቤት ነው። ለዚህም ነው በሩ በጊዜው ይከፈት፣ ሰልፉና ሰሌዳው ይዘግይ የሚለው ሐሳቤ ለእሷም ይሆናል ብዬ የተነሣሁት። ንግግሬ መሐል ላይ የሰርቪስ ሹፌሮች ተወካይ እጁን አወጣ።

«ለእናንተ ቀላል ነው» አለ። «አንድ ሰዓት ገፋችሁት ማለት የቢሮውን ሰዓት ሁሉ ከእኛ ጋር ጀርመን አደባባይ ላይ አገናኛችሁት ማለት ነው። ልጆቹ ክፍል የሚገቡት ለምሳ ነው።»

እኔ «ሰርቪሱ በሰዓቱ ይምጣ ነው የምለው» ብዬ ለማስረዳት ስሞክር የስፖርት መምህሩ ተነሥተው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስፖርት ይሁን መባሉን ሰምተው እንደሆነ ጠየቁ። አልተባለም ነበር። ቢባልም እንደሚቃወሙ ግን አስታወቁ፤ ምክንያታቸውም ለእሳቸው ጤና በዚያ ሰዓት በቁምጣ መቆም አይሆንም የሚል ነው። አንድ አባት ጃኬት የሚፈቀድ ከሆነ ቀለሙ ምን ይሁን ብለው ጠየቁ። በቀለሙ ላይ ረጅም ውይይት ተደረገ። ሰማያዊና ቡናማ እኩል ድምፅ አገኙ።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አነበበች። ጉዳዩን የሚያጠና አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኮሚቴው የማለዳውን ብርድ በሚገባ አጥንቶ ውጤቱን በየካቲት መጨረሻ ያቀርባል። በየካቲት መጨረሻ ብርድ እንደሌለ የጠቆመ ሰው አልነበረም፤ እኔም ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው «የሚቀጥለው ስብሰባ እንደተለመደው 2 ሰዓት ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

ከኋላ አንድ ድምፅ «ኧረ በዚህ ብርድ! 3 ሰዓት ተኩል ይሁን እንጂ» አለ።

ከዚያን ቀን አጀንዳዎች ሁሉ ያለ ክርክር የጸደቀው ይኼ ብቻ ነው። ነጋዴውም እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ደገፉ።